አራት ዓመት ያደረ መርዶ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሆላንድ አገር፣ ሆግቭሊት ውስጥ አንድ መዋኛ ገንዳ በጽዳት እሠራ ነበር። አንድ ሰኞ አለቃዬ ከዕረፍት ተመልሶ በሻይ ሰዓት ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። ካሪቢያን ሄዶ የሰመጠ መርከብ ውስጥ ሲዋኝ ነው የሰነበተው። በአንዱ ላይ የአየር ሲሊንደሩን እንዳዘለ ከአንድ የዛገ በር አጠገብ አውራ ጣቱን ቀስሯል።

«ውሃው ሙቅ ነው፣ የጠላቂ ልብስ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ቀን መሞከር አለብህ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሰው ከፍሎ መቃብር ሊጎበኝ ይሄዳል? ግን እሱ ምን አጠፋ፤ የተናደድኩት በራሴ ነበር።

እኔ ምጽዋ ወደብ ጠላቂ ነበርኩ። ሥራዬ የመርከብ ሆድ መፋቅና የጠፋ መልሕቅ መፈለግ ነበር። በአንድ ግንቦት ዳህላክ አጠገብ ትንሽ የጭነት መርከብ ሰጠመች። መካኒኳ ጓደኛዬ ነበር። በሳምንቱ ሁኔታዋን አይተን እንድንመለስ ተላክን። ውሃው ለብ ያለና የጠራ ስለነበር በጎኗ ተኝታ ከሩቅ ትታይ ነበር። የሞተር ክፍሉ በር ተጣሞ የቀረው ክንድ ብቻ የምታስገባ ክፍተት ነው። ባትሪዬን በዚያ አበራሁ። አንድ ሰው ጣሪያው ሥር ተንሳፍፏል። ፊቱ ፊት አልነበረም፤ ሙቅ ውሃ ለሬሳ አይራራም። ያወቅኩት በቀበቶው ነው። ለአንድ ሠርግ ብሎ ከእኔ የተዋሰው ቀበቶ ነበር።

በሩን ታገልኩት፣ አልነቃነቅ አለኝ። አየሬ እያለቀ ስለነበር ወጣሁ። በማግስቱ ነፋስ ተነሣ፤ ከዚያ ጦርነቱ ባሕሩን ዘጋው፤ እኔም ተሰደድኩ።

በዓመቱ አምስተርዳም ስገባ፣ ኒው ዌስት ሰፈር የምትኖረው የጓደኛዬ ታላቅ እህት ልትቀበለኝ ወጣች። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። የመርከቧን ሰዎች ሰንቡቅ ጀልባ አንሥቶ የመን አድርሷቸዋል የሚል ወሬ ሰምታ ኖሯል። ገና ትራም ፌርማታው ላይ ቆመን ሳለ «አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

መርዶ ግን ትራም ፌርማታ ላይ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፣ ደግፎ የሚይዛት ይዘጋጃል። «እትዬ፣ መርከቧ ባዶ ነበረች» አልኳት። ሰው እስካሰባስብ ብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት አለፈ። ለራሴ አዘንኩላት እል ነበር፤ ፈርቼ ነው።

በዚያው በፎቶግራፎቹ ሳምንት ደወለችልኝ። ደስ ብሏታል።

«ማዘጋጃ ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሰጠኝ። ወንድሜ ሊመጣ ነው ብዬ አመልክቼ ነበር እኮ። መጥተህ አልጋውን ትገጣጥምልኛለህ?»

ከሄግ ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ እሑድ ማለዳ በሯን አንኳኳን። እነሱን ስታይ ገባት። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘው አስቀመጧት። ድምፅዋ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነው?»

«አራት ዓመት ሆነው። በግንቦት።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ።»

ከሽማግሌዎቹ እጅ ተላቀቀች።

«አርባው አለፈ። ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ አለፈ። እኔ ለጤናው ስለት ስሳል፣ እሱ ያለ ፍታት ተኝቷል። ለእኔስ አዘንክ፤ ለእሱ ማን ይዘንለት?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አገር ቤት ላሉ ቄስ የክርስትና ስሙን ጽፈን እንድንልክ፣ ቢዘገይም ፍታቱ እንዲደርስለት ሐሳብ አቀረቡ። ወረቀትና ብዕር አውጥቼ ስሙን ጠየቅኳት። ፊቷን ከእኔ አዙራ በሽማግሌው ጆሮ ነገረቻቸው።