ጋሽ ቦጋለ የራሳቸውን ቤት ሲሸክፉ

ጉለሌ ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ፣ ወይ ጋሽ ቦጋለን ያውቃል፣ ወይ እሳቸውን የሚያውቅ ጎረቤት አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአይሱዙ የሰው ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አዲሱ ገበያ መኪና አቁመው ሥራ ከሚጠብቁት ሾፌሮች ብዙዎቹ ይነጋገራሉ፣ ይጭናሉ፣ አራግፈው ይሄዳሉ። ጋሽ ቦጋለ ግን ቤቱን አስቀድመው ካላዩ አይጭኑም። ይመጣሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም፣ ቡፌውን በዓይናቸው ይለኩታል፣ ጎንበስ ብለው አልጋ ሥር ያያሉ፣ ከዚያ ቀን ይሰጣሉ። "ረቡዕ መሸከፍ ጀምሩ" ይላሉ። በቃ፣ ረቡዕ ነው። ጾም የሚገባ ይመስል ቤተሰቡ በሙሉ ረቡዕን ይጠብቃል።

እኔ ሩታ እባላለሁ። ቀጨኔ ውስጥ ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ሰውዬውን ለማድነቅም ለማማትም መብት አለኝ። ቀን አሰጣጣቸው ሕግ አለው። አዲስ ሙሽሮች ከሆኑ ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ለአንድ ክፍል አንድ ሳምንት። ሃያ ዓመት የተኖረበት ከሆነ አንድ ወር፣ ያውም ባልና ሚስቱ ሳይጣሉ ከሠሩ። ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። "እጅ የማይነካውን አስቀድሙ፣ እጅ የሚነካውን አስከትሉ" ይላሉ። ማንም የማይቀመጥበት ወንበር፣ ባዶ ጀሪካን፣ የበዓል ብርጭቆ፣ ያረጀ ሻንጣ በመጀመሪያው ቀን ይታሰራል፤ ድስትና ብርድ ልብስ መጨረሻ ነው። አንድ ጊዜ "ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ብንጨርሰውስ?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ገላመጡኝ።

የባለቤታቸው የእትዬ ጽጌረዳ ዓይን ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ሲታወቅ ረፍዶ ነበር። የማያውቃቸው ሰው ግን አያዩም ብሎ አይጠረጥርም። ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ቡታጋዙን ራሳቸው ይለኩሳሉ፣ ልብስ አጥበው ያሰጣሉ፣ አንዳንዴም በሬ ላይ መጥተው "ሽንኩርትሽ አርሯል፣ እኔ ቤት ድረስ ሸተተኝ" ብለውኝ ይመለሳሉ። የሚመራቸው ሰው አይወዱም። እጃቸውን ለመያዝ የሞከረ ሁሉ "ምነው፣ ልወድቅ ነው እንዴ?" ይባላል።

ኅዳር ላይ ግቢያችን ለመንገድ እንደሚፈርስ ተነገረን። ምትክ ቤት ሸጎሌ ተሰጠን፤ ለጋሽ ቦጋለ በባለቤታቸው ምክንያት ግራውንድ፣ ለእኔ እዚያው ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰን። የመውጫው ቀን ከጥምቀት በኋላ፣ የጥር የመጨረሻው ቅዳሜ ሆነ። ግቢው ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ነበርን፤ ስድስታችንም ቀን ለማስቆረጥ ጋሽ ቦጋለ ደጃፍ ላይ ተሰበሰብን። በየቤታችን ዞረው ሰጡን። ለእኔ አሥር ቀን ሰጡኝ፣ ብቸኛ ነሽ ብለው። ለራሳቸው አንድ ወር ቆረጡ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። ሰው ላይ የሚሠሩበትን ሕግ ለራሳቸው ሲሆን የሚያጣምሙ ሰው አይደሉም።

የገና በዓል ባለፈ በማግሥቱ ጋሽ ቦጋለ መሸከፍ ጀመሩ። በማለዳ ተነሡና፣ እትዬ ጽጌረዳን ከእንቅልፋቸው ላለመቀስቀስ በዳበሳ እየሄዱ፣ እጅ የማይነካውን ሰበሰቡ። በሩ አጠገብ ያለችውን ማንም የማይቀመጥባትን ወንበር፣ ወደ ማድ ቤት ከሚያወርደው ደረጃ ፊት ያለውን ባዶ ጀሪካን፣ አልጋው ግርጌ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን በሲባጎ አስረው መኪናቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ደስ ብሏቸው ወደ ሥራ ሄዱ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሚጥሚጣ ልበደር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ጽጌረዳ በሌሊት ልብሳቸው ክፍሉ መካከል ቆመዋል። አንድ እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ አይንቀሳቀሱም።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?" አልኩ።

"ሩታ፣ አንቺ ነሽ?" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ቤቴ ጠፋብኝ።"

የጎረቤት ሬዲዮ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ነበር ከአልጋቸው የተነሡት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመዋል። አልጋው ከእሳቸው ሦስት እርምጃ አይርቅም፤ ወዴት በኩል እንደሆነ ግን አላወቁም።

"ለምን አልተጣሩም?"

"ምን ብዬ ልጣራ? ቤቴ ውስጥ ጠፋሁ ብዬ?"

እጃቸውን ያዝኩ። አልነጠቁኝም። ያስለቀሰኝ ይሄ ነው፤ አለመንጠቃቸው።

አስቀምጬ ሻይ ሰጠኋቸው። ረጋ ሲሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ወንበሯ የበሩ ምልክት ነበረች፤ መደገፊያዋን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ይታጠፋሉ። ጀሪካኑ "ደረጃ አለ" ማለት ነው። ሣጥኑ ጉልበታቸውን ሲነካ አልጋው እዚህ ላይ አበቃ ማለት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ እጅ የማይነካው ዕቃ አንድም አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ሲያዩ የኖሩት ጋሽ ቦጋለ የራሳቸውን ሳያዩ ቀሩ። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ተጎራብቼ አላየሁም፤ ስለዚህ ብዙ አልፈርድባቸውም። ትንሽ ግን እፈርዳለሁ።

ጋሽ ቦጋለ ለምሳ ሲመጡ እትዬ ጽጌረዳ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው።

"ቦጋለ፣ እኔ አልሄድም።"

"ወዴት?"

"ሸጎሌ። እዚህ ራሴን ችዬ አለሁ። እዚያ ግን ጭነህ የምታወርደኝ ዕቃ ነው የምሆነው። አልሄድም፣ በቃ።"

"ኧረ ጽጌ፣ ቤቱ እኮ ይፈርሳል!"

"ይፍረስ።"

እትዬ ጽጌረዳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ጋሽ ቦጋለ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ጠዋት እንዴት እንዳገኘኋቸው ነገርኳቸው። ወጡና ዕቃውን ከመኪናው አወረዱ። ወንበሯን በሩ አጠገብ አስቀመጡ።

"ትንሽ ወደ ግራ" አሉ እትዬ ጽጌረዳ፣ መደገፊያዋን በጣታቸው እየፈለጉ። "አሁንም ትንሽ። እ... እዚያ ጋ።"

ጀሪካኑም ሣጥኑም እንደዚያው በልክ ተመለሱ። ሲጨርሱ ጋሽ ቦጋለ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። "የስንቱን ቤት ሸክፌ፣ የራሴ ሚስት በምን እንደምትሄድ አላውቅም ማለት ነው?" አሉኝ። "አፈርኩ፣ ሩታ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሸከፍ አቆሙ። ጥምቀት አለፈ። ሁላችንም በተሰጠን ቀን ካርቶን እንሞላለን፣ ማዳበሪያ እንሰፋለን፤ ከጋሽ ቦጋለ ቤት ግን አንድ ማንኪያ አልተነሣም። ሐሜት ተጀመረ። "ለእኛ ቀን ቆርጠው እሳቸው ሊቀሩ ነው" አለች ማዶ ቤት ያለችው ቦንቱ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌ እንደማያርፍ የታወቀ ነው፣ ያንን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ የእትዬ ጽጌረዳ ክብር ስለሆነ።

የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ጋሽ ቦጋለ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እንድመጣ ጠሩኝ።

"ጽጌ፣ እስኪ እንደ ወትሮሽ ሂጂ" አሉ።

"ለምን?"

"ዝም ብለሽ ሂጂ።"

እትዬ ጽጌረዳ ሄዱ። ጋሽ ቦጋለ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ እርምጃቸውን ይቆጥራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከአልጋው እስከ ወንበሯ አምስት። ከወንበሯ እስከ ጀሪካኑ አራት። ከጀሪካኑ እስከ ቡታጋዙ ሁለት ተኩል። ከአልጋው እስከ ቁም ሣጥኑ ሁለት። እጃቸው የት እንደሚያርፍ፣ ጉልበታቸው ምን እንደሚነካ ሳይቀር ተጻፈ። እትዬ ጽጌረዳ መሃል ላይ ነገሩ ገባቸውና ቆሙ።

"ቤቱን በሙሉ ልትወስድልኝ ነው?"

"ግድግዳው ሲቀር" አሉ ጋሽ ቦጋለ።

እትዬ ጽጌረዳ እንደገና መራመድ ጀመሩ፤ ለመቁጠር እንዲመች አድርገው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ "አልሄድም" አላሉም። "እሄዳለሁ"ም አላሉም።

ቅዳሜ በማለዳ እትዬ ጽጌረዳን ይዤ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሄድኩ። ጋሽ ቦጋለ ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሲከለክሉ የኖሩትን ሠሩ፦ ከሁለት ጫኝ አውራጆች ጋር ሆነው ሙሉ ቤት በአንድ ጠዋት ሸከፉ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ሄደ፤ እኛ ግንቡን ተደግፈን ቀረን። እትዬ ጽጌረዳ አንድ ጊዜ "ሩታ፣ ብሄድና ባላገኘውስ?" አሉኝ። ቤቱን ማለታቸው ነው። "እንፈልገዋለን" አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ በሚኒባስ ሸጎሌ ደረስን። ጋሽ ቦጋለ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቋል። "ግቢ" አሉ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። እትዬ ጽጌረዳ ገቡና ጣታቸውን ሰደዱ። ወንበሯ አለች። አምስት ተራመዱ፤ አልጋው አለ። ተመልሰው ከወንበሯ አራት ተራመዱ፤ ጀሪካኑ እግራቸውን ነካ። ለደረጃው እግራቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወለሉ ግን ደልዳላ ነው። ሰውዬው ደረጃ በሌለበት ቤት የደረጃውን ጀሪካን አስቀምጠዋል! እትዬ ጽጌረዳ ተንገዳገዱ። ልይዛቸው ስል ጋሽ ቦጋለ ክንዴን ጨምድደው አስቀሩኝ።

እትዬ ጽጌረዳ ወለሉን በእግራቸው ዳበሱት። ከዚያ ሳቁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ደረጃውን ረሳኸው እኮ!"

ሁለት ተኩል ተራመዱና ቡታጋዙን አገኙ። ክብሪቱ ቦታው ላይ ነበር። ራሳቸው ለኮሱት።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው በጣም ይሰፋል። ጋሽ ቦጋለ ልኩን ሳያዛንፉ ስለ ደረደሩት፣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ርቀው መሃል ወለል ላይ ቆመዋል፤ ለሽያጭ የወጡ ይመስላሉ። እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ ሊል የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቁም ሣጥኑን፣ አንድ ጊዜ ጋሽ ቦጋለን ያያል። ቦንቱ አላስቻላትም። "ገና አልጨረሳችሁም እንዴ?" አለች። "ጨርሰናል" አሉ ጋሽ ቦጋለ፣ ኮራ ብለው።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ጽጌረዳ ቁም ሣጥኑን ሲወለውሉ እጃቸው ከጀርባው ግድግዳ ፈልጎ አጣ። ወደ ኋላ ዞሩ። ሄዱ፣ ሄዱ።

"ቦጋለ፣ ግድግዳው የት ነው?"

ጋሽ ቦጋለ ሊያድበሰብሱ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ዕቃው መሃል ወለል ላይ መቆሙን ተናገሩ። እኔ ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። እትዬ ጽጌረዳ ግን "ይህን ሰው ሁሉ እያየው? ጉድ ሠራኸኝ!" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። "በል፣ ወደ ግድግዳው ውሰደው።"

"ትጠፊብኛለሽ።"

"በአንዴ ውሰደው ማን አለህ? በየሳምንቱ አራት ጣት። እጄ ይማረዋል።"

እንደዚያው ሆነ። በየቅዳሜው ጠዋት ጋሽ ቦጋለ ቁም ሣጥኑን በትከሻቸው ይገፋሉ፤ እትዬ ጽጌረዳ ወለሉ ላይ ተንበርክከው በአራት ጣታቸው ይለካሉ። "በቃ! በቃ አልኩህ!" ይሉና ያስቆሟቸዋል። አልጋው ይከተላል። እስከ ማክሰኞ እትዬ ጽጌረዳ ጉልበታቸው ይላተማል፣ ይራገማሉ፤ ሐሙስ ላይ ይለምዱታል፤ ቅዳሜ እንደገና ይገፋል። አንድ ቀን ጋሽ ቦጋለ ታክቷቸው ስምንት ጣት ቢገፉ ወዲያው ተነቃባቸውና መልሰው ጎተቱ። በፋሲካ ሰሞን እትዬ ጽጌረዳ ጀሪካኑን "ይሄ ደግሞ አሁን ምን ይሠራል?" ብለው አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ። ውኃ አጠራቅምበታለሁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ቀን፣ ቁም ሣጥኑ ግድግዳውን ነካ። እኔም ነበርኩ። እትዬ ጽጌረዳ ከወንበሯ ጀመሩ፤ ወደ አልጋው ሄዱ፤ ከአልጋው ወደ ቁም ሣጥኑ፤ ከዚያ ጠርዙን ይዘው ወደ ግድግዳው። ጀርባቸውን አስደገፉ፣ ሁለቱን መዳፋቸውን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ክፍሉ በሙሉ ከፊታቸው ሆነ።

"ቦጋለ" አሉ፣ "አሁን ገባሁ።"

ጋሽ ቦጋለ ቁም ሣጥኑን ተደግፈው ያለከልካሉ። "እንኳን ደህና ገባሽ" አሉ።