ሆዴ ላይ የከዳኝ የበግ አንጀት ክር

ሕመሙ እምብርቴ ዙሪያ ጀመረኝ። ኮምቦልቻ ላይ ከአባቴ ጋር የአቡጀዲ ጥቅል ከካሚዮን እያወረድን ነበር። የበላሁት ምግብ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደና እዚያው ቀረ። አስመለሰኝ፤ ቀና ብዬ መቆም አቃተኝ። አባቴ በዚያው ካሚዮን ወደ ደሴ ይዞኝ ወጣ።

ዘመኑ ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ ያየኝ ሐኪምም ጣሊያናዊ ነው። ሆዴን ተጭኖ ድንገት ሲለቀው ጮህኩ። በአስተርጓሚው በኩል፣ «ትርፍ አንጀትህ ተቆጥቷል። ሳይፈነዳ መውጣት አለበት» አለኝ።

ደሴ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘሃራም ደርሳ ነበር፤ «በምን ይሰፉታል?» ብላ ጠየቀች።

«ቆዳውን በሐር፣ ውስጡን ከአንጀት በተሠራ ክር። የውስጡ ሰውነቱ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል።»

«የምን አንጀት?»

«የበግ።»

አስተርጓሚው ከምጽዋ የመጣ ሙስሊም ነበር። የአሳማ እንዳይሆን ሰግታ ወደ እሱ ዞረችና፣ «ወላሂ በል» አለችው። «ወላሂ፣ የበግ ነው» አላት። ኤተር በሚባለው ማደንዘዣ አስተኙኝ።

ትርፍ አንጀቱ በደህና ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ትኩሳት ያዘኝ። ቁስሉ ቀላ፤ መግል ያዘ። አንድ ጠዋት ሳልኩ። ሆዴ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ። ሙቅ ፈሳሽ ወረደ። ዘሃራ ፋሻውን ገለጠች። ወዲያው መልሳ ሸፈነችው። አንጀቴን አይታለች።

ሐኪሙ መጣ። «መግሉ የውስጡን ክር ከጊዜው በፊት በላው፤ ቆዳው ብቻውን መያዝ አቅቶት ስፌቱ ላይ ተቀደደ። እንደገና እሰፋዋለሁ። ግን በጣም ደክሟል፤ ኤተሩን ላይችል ይችላል።»

አባቴ፣ «እንግዲያው ቤቱ ይሙት። እንውሰደው» አለ።

ዘሃራ እስከዚያ ቀን ለአባታችን መልሳ ተናግራ አታውቅም ነበር። «አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ አይሄድም። ይሰፋ» አለች። አባቴ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተና ለአስተርጓሚው፣ «ስፉት በለው» አለ። ዘሃራ እጄን ይዛ፣ «አብሽር» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

በዚህኛው ጊዜ የሆዴን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ሐር ሰፉት። ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ መጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ የሥጋ መረቅ መቅመስ ጀመርኩ፣ በኋላም በዘሃራ ትከሻ ተደግፌ ከአልጋው እስከ በሩ ሄጄ መመለስ ቻልኩ።

ክሩ ለምን እንደከዳኝ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ኬሚስትሪ ተምሬ ማስተማር ስጀምር ነው። የአንጀት ክር የተሠራበት ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንም ሆነ ሐር ኬሚስቶች ኮንደንሴሽን ፖሊመር ከሚሏቸው ወገን ናቸው፤ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪዩሎች ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ የውሃ ሞለኪዩል ይወጣል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ውሃ ወደ መጋጠሚያው ይመለስና ይለያየዋል፣ ይህም ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ሰውነታችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚያፋጥኑት ኢንዛይሞች ናቸው፤ መግል በያዘ ቁስል ውስጥ ደግሞ እነዚህ ይበዛሉ። ሐር ግን ቶሎ አይሰበርላቸውም። ክሩ እየተበላ ሳለ ሰውነት በበኩሉ አዲስ ኮላጅን እየሠራ ቁስሉን ያያይዛል፤ እኔ ላይ የክሩ መበላት ከቁስሉ መያያዝ ቀደመ፣ ሐሩ ደግሞ ጊዜ ገዛልኝ።

ለዚያ ሐኪም፣ ወላሂ ብሎ ላረጋገጠልን አስተርጓሚ፣ እሺ ላለው አባቴ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ዘሃራን በሕይወት ሳለች ደጋግሜ አመስግኛታለሁ፤ ሁልጊዜም «ተወኝ እስቲ» ትለኝ ነበር።

ሆዳችሁን ተሰፍታችሁ ለተኛችሁ የምለው ይህን ነው። ትኩሳት ሲሰማችሁ፣ ፋሻው ሲርስ፣ ያልፋል ብላችሁ አትደብቁ። ስትስሉ ትራስ ሆዳችሁ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ባይርባችሁም ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ሥጋውን ቅመሱ፤ አዲሱ ኮላጅን የሚሠራው ከእሱ ነው። አጠገባችሁም ስትደክሙ ስለእናንተ የሚናገር አንድ ሰው ይኑር።