ያልሸተተኝ ጋዝ

ማሽተት ካቆምኩ አሥር ወር ገደማ ሆኖኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጉንፋን የመሰለ ከባድ ሕመም ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣለኝ። ሳሉም ድካሙም ለቀቀኝ፣ ሽታ ግን አልተመለሰም። መጀመሪያ ያወቅኩት ሽንኩርት ሳቁላላ ነው። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ እንፋሎቱ ፊቴን ያሞቀዋል፣ አፍንጫዬ ግን ውሃ የማፈላ ያህል ምንም አይነግረኝም። ዛሬ ነገ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መናገሩ ከበደኝ።

የከበደኝ የምተዳደረው በምግብ ስለሆነ ነው። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ኩሽናዬ ለቡ አካባቢ ላሉ ሦስት ቢሮዎች ምሳ እየሠራሁ በባጃጅ እልካለሁ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ክፍለ ሀገር ይከርማል፤ ቤት ያለነው እኔና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ነን። ሰዎች "እጅሽ ይጣፍጣል" ሲሉኝ ያደግኩ ሴት ነኝ። ወጥ የሚሠራ ሰው አይሸተውም ቢባል ማን ምሳ ያዘኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሰዓት እያየሁ መሥራት ጀመርኩ። የሽንኩርቱን መልክ አያለሁ፣ የዘይቱን ድምፅ አዳምጣለሁ፣ ልጄን "ሙያ ተማሪ" እያልኩ አስቀምሳታለሁ። አንዳንዴ ያርርብኛል። አርሯል ተብሎ ሲመለስልኝ ደግሞ ባጃጁን ወይም የመብራት መቆራረጡን አሳብቤ አልፋለሁ።

ፊት ለፊቴ ያለው ቤት የሚኖሩት ከሆሳዕና በኩል የመጡ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሚስትየዋ እኩያዬ ናት፣ አንድ ትልቅ ካፍቴሪያ ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራለች። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ቤታቸው ለጸሎት ይሰባሰቡና ይዘምሩ ነበር። እኔ በራቸውን አንኳኩቼ አንድ ቃል ሳልነግራቸው በቀጥታ ለብሎኩ ኮሚቴ ከሰስኳቸው። ስብሰባውን ወደ ሌላ ሰው ቤት ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዋን አልቀነሰችብኝም። እኔ ነበርኩ ቶሎ ቶሎ የማልፋት።

ማክሰኞ ማታ አዲስ የጋዝ ሲሊንደር መጣልኝ። ተሸክሞ ያወጣው ሰውዬ ገጠመልኝና ከምድጃው የሚያገናኘውን ጎማ በጣቱ እጥፍ ዘርጋ እያደረገ አየው።

"ይቺ ጎማ ደርቃለች፣ እዚህ ጋ ተሰንጥቃለች። ብትቀይሪያት ጥሩ ነው" አለኝ።

"በሚቀጥለው እቀይራታለሁ" አልኩት።

"እስከዚያው በሳሙና ውሃ ፈትሺያት። ሳትጠቀሚም ሲሊንደሩን ዝጊው።"

እሺ ብዬ ሸኘሁት። አልፈተሽኩም፣ አልዘጋሁምም። የዚያን ዕለት እራት በኤሌክትሪክ ምድጃ ሠርቼ በላንና ተኛን። ልጄ ሳሎን ፍራሽ አንጥፋ ነው የምትተኛው።

ጠዋት ስትነሳ ራሷን ይዛ ተነሳች። አቅለሸለሸኝ አለች፣ ሻይ እንኳን አልጠጣ አለች። ከትምህርት ቤት አስቀረኋትና ፍራሿ ላይ መልሳ ተጋደመች። ትንሽ ቆይታ፣ "እማዬ፣ የሆነ ነገር ይሸታል" አለችኝ።

"ምን ይሸታል?"

"እንጃ። የበሰበሰ ነገር።"

እንደ ድሮው ብሆን ኖሮ ሄጄ አሸት ነበር። አሁን ግን እሷ ፊት ማስመሰል ነበረብኝ። አየሩን ሳብ አደረግኩና "አዎ፣ ቆሻሻው ነው፤ ትናንት አላወጣነውም" አልኳት። የታመመች ልጅ አስነስቼ የቆሻሻ ከረጢት አስይዤ እስከ ታች ላክኋት። ተመልሳ መጥታ "አሁንም ይሸታል እኮ" ስትለኝ፣ "ስላመመሽ ነው፣ ተኚ" አልኳት።

እኔ ሽንኩርትና ካሮት እየከተፍኩ ነበር። አራት ሰዓት አካባቢ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ ተረኛ ስላልነበረች ቤት ውላለች።

"እህቴ፣ ይቅርታ፣ ከእናንተ ቤት ጋዝ ይሸተኛል" አለችኝ።

በሩን ገርበብ እንዳደረግኩ ወደ ኩሽናው ዞር ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ አየሩን በአፍንጫዬ ሳብኩ። ሳስበው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ማሽተት የማትችል ሴት ለማሽተት ስትተውን።

"ኧረ ምንም የለም። ከታች የፍሳሽ ቱቦው ነው" አልኳት።

"ፍሳሽ አይደለም። እኔ ጋዝ አውቃለሁ።"

"እኔም ወጥ ቤት ነው የምውለው" አልኳትና በሩን ዘጋሁባት። በልቤ ያልኩት ደግሞ ይብሳል። በመዝሙሩ ስለከሰስኳት ሰበብ ፈልጋ መጣች አልኩ።

ኩሽና ገባሁ። ድስቱን ጣድኩ። ላይተሩን ከመደርደሪያው አንስቼ የጋዝ ምድጃው ላይ ጎንበስ ስል በሩ እንደገና ተመታ፤ በዚህኛው ጊዜ በመዳፍ፣ በኃይል። ላይተሩን እንደያዝኩ ሄጄ ከፈትኩ። መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። ምንም ሳትል ላይተሩን ከጣቶቼ መካከል መዘዘችው።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሸትሻል ወይስ አይሸትሽም?" አለችኝ።

ዓይኔን ከላይተሩ ወደ ወለሉ አወረድኩ። ያ በቂዋ ነበር መሰለኝ፣ ገፋ አድርጋኝ ገባች።

"መብራት እንዳትነኪ። የበራውንም አታጥፊ፣ የጠፋውንም አታብሪ። ስልክሽንም አሁን አትክፈቺው" እያለች በቀጥታ ኩሽና ሄዳ ሲሊንደሩን አንገቱ ላይ ዘጋችው። ስትወጣ ኩሽናው ውስጥ በትንሹ ተከፍቶ ያደረውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ቀጥላ የበረንዳውን በር ከፈተች። ያኔ ነው ልጄን ፍራሹ ላይ ያየቻት።

"ልጅቷ መሬት ላይ ነው ያደረችው?" አለች። "ጋዝ እኮ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። አንሺያትና ውረዱ።"

ልጄን አንስቼ በባዶ እግሯ አወጣኋት። ጎረቤቴ ከኋላችን ነበረች። የየቤቱን ደወል ሳትነካ በሩን በእጇ እየመታች "ጋዝ አለ፣ ምንም ሳትነኩ ውረዱ" ትላለች። ከደረጃው ሥር አንዲት ሴት ሽሮ ልትጥድ ከሰል እያያያዘች ነበር። ጎረቤቴ ከሁለተኛ ፎቅ ሆና ከደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ተንጠልጥላ ምድጃውን ከሕንፃው እንድታርቀው ነገረቻት። ሴትየዋ ምድጃውን ብድግ አድርጋ እስከ ግቢው በር ድረስ ወሰደችው። እኔ አጠገቧ ሳልፍ ፍሙን አይቼ ልጄን ወደ ራሴ ሳብኳት።

ግቢው ውስጥ፣ ከሕንፃው ራቅ ብላ ነው ጎረቤቴ ለእሳት አደጋ የደወለችው። እስኪመጡ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመ። በነጠላ ጫማ የወጣ አለ፣ ፀጉሯን እየታጠበች የወረደች አለች፣ አንዲት አራስ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አራሷን አያለሁና ዓይኔን እመልሳለሁ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ሽታው አልመጣልሽም?" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ልጄ እጄን ይዛለች፣ ጎረቤቴ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። እኔ ግን "ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኖ ነው" አልኩ። ለማሳመን ደግሞ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠረግኩ።

ጎረቤቴ አንገቷን ደፋች። ልጄ ግን እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። መጀመሪያ ደረጃው ሥር ካለው ቆጣሪ የቤቴን መብራት አጠፉ፣ ከዚያ በያዙት መሣሪያ አየሩን እየለኩ ወጡ። ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ አንዱ ጠርቶኝ ጎማዬ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሶ አሳየኝ። ሲሊንደሩን ለቅጽበት ሲከፍተው ስንጥቁ ላይ አረፋው እየተነፋ ወጣ።

"ይቺን ያህል ናት" አለኝ። "የኩሽናው መስኮት ያቺን ያህል ክፍት ባይሆን ኖሮ እዚህ አንነጋገርም ነበር። ማነው መጀመሪያ ያወቀው?"

"ጎረቤቴ ናት" አልኩ። ያን ቀን ከአፌ የወጣው እውነት ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ሲሊንደሩን ወደ ውጭ አወጡት፤ አዲስ ጎማና ማሰሪያ እስካስገጥም እንዳልጠቀም ነገሩኝ። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። አራሷ በአጠገቤ ስታልፍ "እንኳን ተረፋችሁ" አለችኝ፤ እኔ ለእሷ ልለው የሚገባኝን እሷ አለችኝ።

ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ንጹሕ አየር አግኝታ ስለነበር ራስ ምታቷ ቀልሎላታል፤ ደህና ናት አሉኝ። እሷ ግን አላናገረችኝም። ስጠይቃት አዎ ወይም አይ ብላ ትመልሳለች፣ ሌላ ቃል የለም።

በማግስቱ ማታ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እንድቀመጥ ጋበዘችኝ፤ ቆሜ ልናገር ብዬ ነበር፣ ተቀመጥኩ።

"ጉንፋን አይደለም" አልኳት። "ከአሥር ወር በፊት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።"

"ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ወጥሽ ሲያርር እኔ ቤት ድረስ ይመጣል፤ አንቺ እዚያው ቆመሽ እያለ ማለት ነው። እንዲያው ምን ነካት እል ነበር።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ልንነጋገር የምንችል አልመሰለኝም" አለች።

በመዝሙሩ ጉዳይ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልፏል አለችኝ። ከዚያ የምትሠራበት ወጥ ቤት ውስጥ የሥራ ባልደረባዋ ጋዙ ከየት እንደሚፈስ ለማየት ክብሪት ጭራ ፊቷና እጆቿ እንደተቃጠሉ ነገረችኝ። "ትናንት ላይተሩን እጅሽ ላይ ሳየው እሷን ነው ያየሁት" አለች። በሬን ስዘጋባት ተመልሳ ቤቷ ገብታ መቀመጥ ወይም ቤተሰቧን ይዛ መውረድ ትችል ነበር። ለምን እንደተመለሰች አሰብኩ እንጂ አልጠየቅኳትም።

እሑድ ኮሚቴው ስለ ሲሊንደር አቀማመጥ ለመነጋገር ነዋሪውን ሰበሰበ። እጄን አውጥቼ ተነሳሁና ጉንፋን ያልኩት ውሸት እንደነበር፣ ጎረቤቴ መጀመሪያ መጥታ ስትነግረኝ በር እንደዘጋሁባት ተናገርኩ። ድምፄ አልወጣ ብሎ ሰብሳቢው "ጮክ በይ" አሉኝና ደገምኩት። ሰው ያዝንልኛል ብዬ ነበር መሰለኝ፤ አብዛኛው ወለሉን ነው ያየው። አንድ ሰውዬ "ሕፃናት ያሉበት ሕንፃ ነው እኮ" አለ። ልክ ነው።

ሰኞ ለቢሮዎቹ ደውዬ እንደማይሸተኝ ነገርኳቸው። አንዱ በትሕትና ተሰናበተኝ፣ ሁለቱ ቀጠሉ። ሐኪም ዘንድም ሄድኩ፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ፣ በየቀኑ ሎሚና ቅርንፉድ እያቀረብኩ አፍንጫዬን እንዳለማምደው መከረኝ። እስካሁን ሎሚው አልፎ አልፎ የሆነ ነገር ይለኛል፣ ሎሚ ግን አይደለም። ጎማውን አስቀየርኩ፤ አሁን የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ከወለሉ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል።

ልጄ ያናገረችኝ በሳምንቱ ነው። የቤት ሥራዋን እየሠራች ቀና ሳትል፣ "ለሰው ሁሉ ነገርሽ። ለእኔ ግን ለብቻዬ አልነገርሽኝም" አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆሻሻ አውጪ ብዬ የላክኋት ቀን እንዳልሸተተኝ፣ እያወቅኩ እንደዋሸኋት ነገርኳት።

"እኔ እኮ አመመኝ ብዬሽ ነበር" አለች።

"ብለሽኝ ነበር።"

"ለምን ታዲያ?"

"አፍሬ" አልኳት።

እርሳሷን መቅረጫው ውስጥ ከትታ ማዞር ጀመረች። ቅራፊው ደብተሯ ላይ እንዳይረግፍ መዳፌን ከሥር ዘረጋሁ።