የአባባ የዓሣ ገንዳ

አቼቶ በሸተተኝ ቁጥር የቦሌው ቤታችን ሳሎን ዛሬም ፊቴ ድቅን ይላል። አባባ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ የመስታወት ገንዳና በላስቲክ ከረጢት ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ቀያይ ዓሦች ይዞ መጣ፣ የሰፈሩ ልጆችም እነሱን ለማየት መስኮታችን ላይ ይንጠለጠሉ ነበር።

በበጋ ውሃው እየተነነ ሲጎድል መስታወቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገር ነበር። አባባ ቅዳሜ ከሰዓት ዓሦቹን ወደ ሳፋ አዛውሮ፣ ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ነክሮ፣ ቅርፊቱ ላይ ለጥፎ እስኪለሰልስ ይጠብቅ ነበር። እኔ በጥፍሬ ልፍቀው ስል «ተይ ሚሚ፣ ትንሽ ሲቆይ ራሱ ይለቃል» ይለኛል። እማዬ ደግሞ «የሰላጣዬን አቼቶ ጨረስከው እኮ!» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ክረምቱ እንደገባ የታጠቁ ሰዎች መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ እማዬ ስንቅ ቋጥራ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፍ ነበር፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት በሕይወት እንዳለ ታውቃለች። ገንዳውን የሚነካው ጠፍቶ ቅርፊቱ ወፈረ፣ ዓሦቹም ጉም ውስጥ የሚዋኙ መሰሉ።

መስከረም ጠብቶ እስረኞች ሊፈቱ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ እማዬ አንድ ጠዋት ስንቁን ይዛ ልትወጣ ስትል «ገንዳውን እጠቢው፣ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ እንዳያየው» አለችኝ። አባባ እንዳሳየኝ ጨርቁን ነክሬ፣ ለጥፌ፣ ጠብቄ እያሸሁ ሳለ ተመለሰች። ሳህኑ እንደሞላ ነበር፤ የአባባን ኮትና ሸሚዝ ታቅፋለች።

«እማዬ፣ አባባስ?»

«ስንቅ አያስፈልገውም፣ ልብሱን ውሰጂ አሉኝ።»

እነሱ ለገደሉት ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። በሩንና መስኮቱን ዘግታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ ጨርቁን ከእጄ ወስዳም መስታወቱን ታሽ ጀመር። «እማዬ፣ ጠርቷል እኮ» ብላት አልሰማችኝም፤ እስኪመሽ ድረስ አሸችው።

ዓሦቹ የጥቅምትን ብርድ አላለፉም፣ ገንዳውንም ለሰው ሰጠነው።

አሁን የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ሰው ሲሞት ግቢው ውስጥ ድንኳን ይጣላል፣ ያዘነ ሁሉ ማንንም ሳይፈራ ጮሆ ያለቅሳል። እማዬ ጉልበቷ ቢደክምም የማታውቀው ሰው ለቅሶ እንኳ አያመልጣትም፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ከቤተሰቡ በላይ ስታለቅስ ያዩ ሰዎች «እሳቸው የሟቹ ምን ናቸው?» ብለው ይጠይቁኛል።

«ዘመዱ ናት» እላቸዋለሁ።