ከራስጌዋ ሳትነሳ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም «እንቅልፌ» ነው የሚሏት። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትን ሰው በማደንዘዣ የምታስተኛው እሷ ናት፤ ሌላ ሰመመን ሰጪ የለም። እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ልጄ ሰው እያስተኛች ነው የምትኖረው፤ እሷን የሚያስተኛት ነው የጠፋው» ይሉና ይስቃሉ።

ወላዶችን በሰላም ስለማደንዘዝ ስልጠና ሲመጣ እሷ ተላከች። ደረቷ ከፍ ዝቅ በሚል የጎማ አሻንጉሊት ላይ ሠልጣኞቹ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ተለማመዱ። ደም እየፈሰሳት የመጣች እናት የወገብ ማደንዘዣ መርፌ ከተሰጣት የደም ግፊቷ ጭራሽ እንደሚወርድ ተማሩ። አሰልጣኟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። «ከሁሉ በፊት ግን» ትል ነበር፣ «የሚያግዛችሁን ሰው ጥሩ።»

እንቅልፌ እጇን አወጣች። «የሚጠራ ሰው ከሌለስ?»

«ለአለቆቻችሁ ንገሩ» አለች አሰልጣኟ።

ተመልሳ ነገረች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። «እውነትሽን ነው፤ ግን ከየት ላምጣልሽ? እኔም ጠይቄ ጠይቄ ሰልችቶኛል» አላት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ከበዳት። ድሮ እናት ስትሞት አልቅሳ፣ ቀኗ ደርሶ ነው ብላ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አሁን ምን ቢኖር ኖሮ እንደምትተርፍ ታውቃለች፤ ይህን ማወቅ ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር በባሏ ተደግፋ ገባች። ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ደም ይፈሳታል። እንግዴ ልጁ ከመውለዷ በፊት ከማህፀኗ ተላቆ ነበር። ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። እንቅልፌ የወገቡን መርፌ ትታ፣ እንደተማረችው በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት አስተኝታት ቱቦውን በአንዴ አስገባች። መተንፈሻ ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ የአየር ከረጢቱን በእጇ መጭመቅ ጀመረች። ሕፃኗ ወጥታ አለቀሰች። አዋላጇ ይዛት ወደ ማሞቂያው ሮጠች።

የእናቲቱ ደም ግን አልቆመም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የተገኘው አንድ ከረጢት ደም ብቻ ነበር፤ እሱም አለቀ። የላቦራቶሪው ሰው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የባልየው ደም አይሆንላትም» አለ። «የሚሆናት…» ብሎ እንቅልፌን አየት።

እሷም ታውቃለች። ደም በለገሰች ቁጥር፣ ለማንም የሚሆን ደም ነው ይሏታል።

ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ቀና ሳይል፣ «እኔ እጄን ካነሳሁ አለቀች» አለ። «አንቺም ከራስጌዋ ከተነሳሽ አለቀች።»

«እዚሁ ቅዳኝ» አለች እንቅልፌ ለላቦራቶሪው ሰው።

«ብትወድቂስ?»

«ስወድቅ ከረጢቱን ትቀበለኛለህ። በል፣ ግራ እጄን ያዝ።»

በርጩማ ላይ ተቀምጣ በቀኝ እጇ የአየር ከረጢቱን ትጨምቃለች፤ ከግራ ክንዷ ደሟ ይወርዳል። የደሙ ከረጢት እንደሞላም፣ ሞቅ እንዳለ ለእናቲቱ ተሰቀለ። የሴትዮዋ ከንፈር ትንሽ ቀላ፤ ሐኪሙም «ጎሽ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከመርፌው ቀዳዳ፣ ከድድዋ ሁሉ ደም ይንጠባጠብ ጀመር። ደሟ መርጋት እምቢ ብሎ ነበር። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የት እንዳለ እንቅልፌ ታውቃለች፤ እዚህ የለም እንጂ። «ሌላም ቅዳኝ» አለች። የላቦራቶሪው ሰው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። የእናቲቱ ልብ ቆሞ፣ ደረቷን ተጭነው ተጭነው፣ ሐኪሙ «ይብቃ» ካለም በኋላ የእንቅልፌ እጅ መጭመቁን አልተወም። አዋላጇ መጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከከረጢቱ አላቀቀችላት።

ልጅቷ ለክትባት በደረሰች ጊዜ አባቷ አምጥቷት ነበር። አስከትቧት ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ እንቅልፌን አያትና ሕፃኗን አስታቀፋት። ወፈር ብላለች፤ ታዛጋለች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ቀደም ብዬ ባመጣት ትተርፍ ነበር? መኪና ስፈልግ ቆይቻለሁ። እሱ ነው የሚበላኝ።»

አዎ ብትለው ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲረግም ይኖራል። ደግሞም እውነት አይደለም።

«አልዘገየህም፣ ወንድሜ» አለችው። «በሰዓቱ ነው ያመጣሃት።»

ሰውየው ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ አሰበ።

«እንግዲያስ በሰዓቱ ከደረስን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን ሆና ሞተች?»

እንቅልፌ ሕፃኗን እያወዛወዘች ቆመች። ከየቱ እንደምትጀምር ጠፋት። ከማሽኑ፣ ከደሙ፣ ከመድኃኒቱ ወይስ ከሰው እጦቱ? ሰውየው መልሷን እየጠበቀ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ አዋላጇ ብቅ ብላ በእጇ ጠራቻት፤ ሌላ ወላድ ገብታለች። ልጅቷን ለአባቷ መልሳ ሄደች።