መብራት የመለሰው ሽማግሌ

የጦር ሰፈሩ ጄኔሬተር እያጓራ መብራት አልሰጥ ብሎ፣ ሐኪሙ ቁስለኛ አስተኝቶ ሲጨነቅ ሽማግሌው ኤሌክትሪሺያን መጣ። በጠራራ ፀሐይ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አስር አለቃው መንገድ ሊመራው ቢነሳም፣ ሰውየው ማንንም ሳይጠይቅ ማሽኑ ዘንድ ደረሰ።

ጆሮውን ጣል አደረገ። «ሞተሩስ ደህና ነው። ብዙ ቆሞ ዲናሞው ማግኔቱን ረስቷል፤ እናስታውሰው» አለና ከባትሪ በሳባቸው ሁለት ሽቦዎች ለቅጽበት ነካ አደረገው። የሰፈሩ አምፖሎች ቦግ አሉ።

«እድሜ ይስጥዎት አባቴ!» አለ አስር አለቃው።

ሽማግሌው አልሳቀም። «የምድር ቤቱን አምፖል አጥፋልኝ፣ ልጄ።»

«እሱ እኮ መጋዘን ነው፤ ሰው የለበትም።»

«አሁን ነዋ መጋዘን የሆነው። እኛ በነበርንበት ጊዜ ያ አምፖል ሌት ተቀን አይጠፋም ነበር።»

አስር አለቃው ወርዶ አጠፋው። ሊወጣ በሩን ሲዳብስ፣ ከውስጥ በኩል እጀታ እንደሌለው ገና ያኔ ልብ አለ።