ፓሊየቲቭ፦ ከቡታጅራ ወልቂጤ ደርሶ መልስ

ከቡታጅራ የተነሣነው ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አረፋ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው። ሦስት ነበርን፦ አከራዬ ጋሽ ነስሩ፣ ሴት ልጃቸው ሙና እና እኔ። የጉዞው ምክንያት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉን ተርጉሜያለሁ ብዬ የታመመ ሰው ከአልጋው ያስነሣሁት እኔ ነኝ።

በእኛ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ከሆንክ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ አንተ ይመጣል። የመድኃኒት ወረቀት በለው፣ የዓረብ አገር የሥራ ውል በለው፣ ሁሉንም አነባለሁ። «ቲቸር ያውቃል» ይላሉ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ነው።

ጋሽ ነስሩ በርበሬ ዘርተው፣ በርበሬ ሸጠው ቤት የሠሩ የመስቃን ሰው ናቸው። ሆዳቸውን ከታመሙ ሰነባብተዋል። ብቻቸውን አዲስ አበባ ሄደው ተመረመሩና «ይሄን ለአገርህ ሐኪም ስጥ» ተብለው ወረቀት ይዘው ተመለሱ። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሰጡኝ። መጨረሻው ላይ «ለፓሊየቲቭ ኬር» ይላል። ኬር የሚለውን አውቃለሁ። ፓሊየቲቭን አላውቀውም። መዝገበ ቃላቱ ክፍሌ ውስጥ ነው፣ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ተማሪዬ የነበረችው ሙና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እሷ ፊት ተነሥቼ መጽሐፍ ልግለጥ? አፌን ሞልቼ «ልዩ እንክብካቤ ማለት ነው፤ ልዩ ሕክምና። ወልቂጤ ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ እዚያ አይጠፋም» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ልዩ ከተባለማ ያድናል» አሉ ጋሽ ነስሩ። በማግሥቱ ለአረፋ ያደለቡትን በሬ ሸጡት። እኔ ያን ማታም መጽሐፉን አልገለጥኩም። ተሳስቼ ከሆነ ማወቅ አልፈለግሁም፤ እውነቱ ይኼው ነው።

ተራራው ላይ

እንዲጋደሙ ብለን የሚኒባሱን የኋላ ወንበር በሙሉ ከፍለን ያዝንላቸው። መስቃን ላይ የበርበሬ ችግኝ መደቡን ሣር አልብሰውታል። ጋሽ ነስሩ ቀና ብለው አዩና «የማን ነው ይሄ? ውኃ አብዝቶበታል» አሉ። መንገዱ ወደ ተራራው መውጣት ሲጀምር ግን ውጭውን ማየት ተዉ። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። ሾፌሩ «አይዞን ፋዘር፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንሽ ነው የቀረን!

ሙና ለምናው ቆመልን። ዝናቡ ያካፋል። እንሰት ሥር ቁጭ ብለው አስመለሱ፤ አፋቸውን ጠራረጉና «ልዩ ሕክምና እንዲሁ አይገኝም» ብለው ሊያስቁን ሞከሩ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅሁ።

እምድብር፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ምሳ እንብላ ብለን ወረድን። ቆጮ በአይብ አዘዝን። እሳቸው ሻይ ብቻ አዘዙ፣ እሱንም ግማሹን ተዉት።

«ምነው አባባ፣ አልበሉም?» አለች አስተናጋጇ።

«ስመለስ እበላለሁ፤ ስድን» አሉ።

 እኔ የቀረበልኝን ቆጮ ጨረስኩ፣ ሙና እያየችኝ ነበር።

ወልቂጤ

ተራ የደረሰን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ ወረቀቱን አንብባ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«ልጃቸው ነዎት?»

«ተከራያቸው ነኝ። መምህር ነኝ።»

«ምን ያስተምራሉ?»

«እንግሊዝኛ።»

ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ ከዚያ እኔን። «እንግዲያ ቃሉን ያውቁታል። ታዲያ ለምን አንገላቷቸው?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። ገባት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኛ በየቀኑ የምንጠቀምበት ቃል ነው። በሽታው አይድንም፤ ሥቃዩን እናስታግሳለን፣ ቀሪ ጊዜያቸውን ቤተሰባቸው መሃል በሰላም እንዲያሳልፉ። ማስታገሻውን እኮ ቡታጅራም ይሰጧችሁ ነበር። እኚህ ሰው አሁን ቤታቸው ነበር መተኛት ያለባቸው።»

መርፌ ወጋቻቸው፣ ሽሮፕ ሰጠችን። ያን ሌሊት በያዝነው አልጋ ቤት ጋሽ ነስሩን ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለሙና በር ላይ ቆመን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ «ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቃል ጠይቀኸኝ አላውቅም ስልህ ያደረግኸኝን ታስታውሳለህ?» አለችኝ። «ክፍሉ ፊት አንበርክከኸኝ ነበር።»

አስታውሳለሁ። ከኋላዋ ሰሌዳው ላይ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብዬ ጽፌ ነበር።

መልስ

ዓርብ ጠዋት ተመለስን። ተራራውን ስንወጣ ጋሽ ነስሩ «ቲቸር፣ ልዩ ሕክምና ያልከው ያቺው መርፌ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ነርሷ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው።  መስቃን ደርሰን የችግኝ መደቦቹ ሲመጡም ቀና አላሉም።

«ያን ቀን በረንዳው ላይ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቃሉን ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም ነበር።»

«ታዲያ አላውቅም ማለት ምን ነበረበት?» ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀጠሉ። «በሬውስ ይሁን፣ በሬ ነው። ግን ሁለት ቀን ወሰድክብኝ፣ ቲቸር። ስንት እንደቀረኝ ሳታውቅ ሁለቱን ወሰድክ።»

ይቅርታ አልኳቸው። «አላህ ይቅር ይበልህ» አላሉኝም።

ቤት የገባነው ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ግቢው ውስጥ የበሬው ችካል እንደ ተተከለ አለ። ደግፈን አልጋቸው ላይ ሳናሳርፋቸው ስልካቸው ጮኸ፤ ለአረፋ ሊመጣ እየተዘጋጀ ያለው፣ መርካቶ የሚነግደው የበኩር ልጃቸው ነው። ሕክምናው እንዴት እንደ ነበር ሲጠይቅ ከቆምኩበት ይሰማኛል። ጋሽ ነስሩ ስልኩን ዘረጉልኝ።

«ቲቸር ይንገርህ» አሉት። «የሚያውቀው እሱ ነው።»

ተቀበልኩ። በስልኩ ውስጥ የልጁ ትንፋሽ ይሰማል፤ ደስ የሚል ወሬ ይጠብቃል። ሙና በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እኔ» አልኩት፣ «ቃሉን አላውቀውም ነበር።»